ልጄን ከግግ ነቃይ ላስጣለችልኝ የጤና ኬላችን እህት

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደምበጫ ዙሪያ ጨቅላ ልጅ ታቅፋችሁ ለምትጨነቁ እናቶችም ይጠቅማል።

ልጄ ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ለሃጩ ደረቱን ሁሉ ያርሰው ጀመር። ያገኘውን ይነክሳል። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘው። አማቴ አፉን ከፍተው አዩና «ግግ ነው፤ ሳይብስበት ይውጣለት» አሉ። ግግ የሚሉት የልጅ ድድ ውስጥ አለ የሚባለውን ትል ነው። የሚነቅል ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም። አማቴ ክፋት የላቸውም፤ የራሳቸውን ልጆችም እንዲያ ነው ያሳደጉት። ጎረቤቴ በበኩሏ «አረቄ በጥጥ ነክረሽ ድዱን አሽው» አለችኝ። አረቄ እኛ አገር አይጠፋም። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ማንን ልመን?

ልጁን አዝዬ ወደ ነቃዩ ልወጣ ስል የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለቤት ለቤት ጉብኝት ደረሰች። ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም፣ አማቴንም አላሳፈረችም። እጇን በሳሙና ታጠበች። ብብቱ ስር ቴርሞሜትር አደረገች፤ 37.2 አለ። «ይሄ ትኩሳት አይባልም» አለችኝ። ቀጥላ ወደ አማቴ ዞረች።

«እናታለም፣ እስቲ እጅዎን ይታጠቡና እዚህ ጋ ይዳስሱት።»

አማቴ የታችኛውን ድድ ዳሰሱ። እንደ ስንዴ ጫፍ ያለች ሹል ነገር ጣታቸውን ነካቻቸው። ከዚያ ባለሙያዋ ጣታቸውን ወደ ላይኛው ድድ ወሰደችው፤ ያበጠ የሚመስለው ቦታ ላይ። «ይቺ ክራንቻው ናት። የምትወጣው ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆነው ነው። ቆፍረው ሲያወጧት ትል ትመስላለች እንጂ የልጁ ጥርስ ናት። ከስሯ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ደም አለ፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ብረቱም ከልጅ ወደ ልጅ በሽታ ያስተላልፋል» አለቻቸው። አማቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያቺን ነጭ ነገር ዕድሜ ልካቸውን ትል ናት ሲባል ነው የሰሙት።

ተቅማጡስ? ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። ልጅ ጥርስ የሚያወጣበት ሰሞን መዳህ የሚጀምርበት፣ መሬት ያገኘውን አፉ የሚከትበት፣ ከጡት ሌላ ምግብ የሚቀምስበት ሰሞን ነው። ጀርሙ የሚገባው በዚያ ነው፤ ስሙ ግን ለጥርስ ይሰጣል።

አንዱን ከረጢት ኦአርኤስ፣ በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት፣ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ንጹህ ውሃ አሟሟችልኝ። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያልኩ እንድሰጠው፣ ከ24 ሰዓት ያለፈውን እንድደፋው ነገረችኝ። ለተቅማጡ የሚሰጠውን የዚንክ እንክብል በቀን አንድ ፍሬ በጡቴ ወተት አሟሙቼ ሰጠሁት፤ ተቅማጡ ቢቆምም 10ሩን ቀን ጨርሺ ብላኛለች። ጡት እንዳላቋርጥም አጥብቃ ነገረችኝ። ለድዱ ደግሞ የተቀቀለ ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ አርሼ አስነከስኩት፣ በታጠበ ጣቴም ቀስ አድርጌ አሸሁት። አረቄ በፍጹም። ማርም ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም። አልጠባ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ላይ ደም ካየሁ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ እንድሮጥ አስጠነቀቀችኝ።

በማግስቱ ማንም ሳይጠራት በዚያ ጭቃ ተመልሳ መጣች። ሃይላንዱን አነሳችና ስንት እንደቀረ አየች። ይቺን አልረሳትም።

ተቅማጡ በአራተኛው ቀን ቆመ። ሁለቱ የታች ጥርሶቹም ብቅ ብለዋል። አማቴ ቡና ላይ ለሴቶቹ «እኔው በጣቴ ዳስሻታለሁ፣ ጥርስ ናት» እያሉ ይነግራሉ።

ልጃችሁ ጥርስ ማውጣት ሲጀምር ወደ ነቃይ ሳይሆን ወደ ቀበሌያችሁ ጤና ኬላ ሂዱ። እኔን ምንም አላስከፈለችኝም። አማት ወይም እናት ካላችሁ አብራችሁ ውሰዷቸው፤ በጣታቸው ይዳስሱት።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የልጄ ክራንቻ ስትወጣ ይዤልሽ እመጣለሁ።