ዳሊ ወይስ ማግሪት?

ሳልቫዶር ዳሊ ስፔናዊ፣ ሬኔ ማግሪት ቤልጂየማዊ ሠዓሊ ናቸው። ሁለቱም ህልም የመሰለ ነገር ሣሉ፤ ሁለቱም የሣሉት ግን በድሮው የዘይት ቀለም ሙያ ነው። ለአንዱ ሙዚየም ብቻ ጊዜ ካለዎት የቱ ይሻላል?

የሳልቫዶር ዳሊ ሙዚየም ያለው በስፔን፣ በተወለደባት ፊገረስ ከተማ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ የተቃጠለ ቲያትር ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ዳሊም የተቀበረው እዚያው ነው። ቤቱ ጉድ በጉድ ላይ የተከመረበት ነው፣ ሰውም ይበዛል። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1945 የሣላትን «የዳቦ ቅርጫት» ፈልጉ እላለሁ። ትንሽዬ ሥዕል ናት። ጨለማ ጀርባ፣ በቅርጫት ውስጥ ቁራሽ ዳቦ፣ በቃ። ዳሊ የታወቀበት የቀለጠ ሰዓት የለም። የድሮዎቹን ሠዓሊዎች ቬርሜርንና ቬላስኬዝን ምን ያህል ያደንቅ እንደነበር እዚህ ይታያል። ቅርጫቱ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ መቀመጡ ብቻውን ያስጨንቃል።

የሬኔ ማግሪት ሙዚየም ቤልጂየም፣ ብራስልስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ፤ ከ200 በላይ ሥራዎች አሉት። ማግሪት ማስታወቂያም ይሠራ ስለነበር ብሩሹ ቁጥብ ነው። «የብርሃን ግዛት» የተባለውን ሥዕል እዩ፦ መንገዱ ሌሊት፣ ሰማዩ ጠራራ ቀን። ጨዋታው ሐሳቡ ላይ ነው።

ለእጅ ሙያ ፊገረስን፣ ለሐሳብ ብራስልስን እመርጣለሁ። ግዴታ አንዱን ከተባልኩ ፊገረስ። ደግሞ እንዳትሸወዱ፦ ታዋቂዎቹ የዳሊ የቀለጡ ሰዓቶች ያሉት ኒውዮርክ ነው፤ ዝነኛው የማግሪት ፒፓ (የትምባሆ ማጨሻ) ሥዕልም ሎስ አንጀለስ።