ከመሀል አዲስ አበባ ወጥቶ ለመኖር፦ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይስ ቢሾፍቱ?

ትንሽ ልጅ ይዞ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ ወይም ከካዛንቺስ ቤት የሚፈልግ ቤተሰብን የሚገፋው ኪራይ ብቻ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የፈረሱት ሰፈሮች ብዙ ተከራይ በአንድ ጊዜ ወደ ዳር አውጥተዋል። ዳር ላይ ደላላው የሚያሳየው ሰፊ ግቢና አዲስ ሴራሚክ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያለውን የታክሲ ሰልፍ ግን አያሳይም።

ስለዚህ ከተማዋን ከመምረጣችሁ በፊት መግቢያዋን ምረጡ። አምስቱም ከተሞች ወደ አዲስ አበባ የሚገቡበት የየራሳቸው በር አላቸው፤ ከበሩ ማዶ ያለው የከተማው ግማሽ ለእናንተ የለም ማለት ይቻላል። ቦሌ እየሠሩ ቤቱ ረከሰ ብሎ ሰበታ መግባት በየቀኑ አዲስ አበባን ሁለት ጊዜ ማቋረጥ ነው።

| ከተማ | ከመሀል ርቀት (ገደማ) | የመግቢያ መስመር | የሚመቸው የሥራ ቦታ |
|---|---|---|---|
| ቡራዩ | 15 ኪ.ሜ. | አስኮ፣ ዊንጌት፣ ጳውሎስ | መርካቶ፣ ፒያሳ |
| ሰበታ | 25 ኪ.ሜ. | ዓለም ገና፣ ወለቴ፣ አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች | ሜክሲኮ፣ ልደታ፣ ሳር ቤት |
| ለገጣፎ | 20 ኪ.ሜ. | በካራና ኮተቤ ወይም በአያትና ሲኤምሲ ወደ መገናኛ | መገናኛ፣ ቦሌ፣ ካዛንቺስ |
| ሱሉልታ | 25 ኪ.ሜ. | ኬላ፣ አዲሱ ገበያ | አዲሱ ገበያ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ |
| ቢሾፍቱ | 45 ኪ.ሜ. | በዱከምና ገላን ወደ ቃሊቲ፣ ወይም በፈጣን መንገዱ ወደ ቱሉ ዲምቱ | ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ጎተራ |

ባልና ሚስት የሚሠሩበት ቦታ የተለያየ ከሆነ የሚመረጠው ልጁን ከማቆያ የሚወስደው ሰው በር ነው። ማቆያው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል እንበል፤ እናትም በዚያው ሰዓት ከሥራ ትወጣለች። እንዲህ ከሆነ ቤታችሁ ሰፈር ያለ ማቆያ አያዋጣችሁም። ወይ ማቆያው ከሥራ ቦታ አጠገብ ይሆናል፣ ወይ ቤት ውስጥ ሞግዚት ወይም አያት ትኖራለች። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያስበው ቤቱን ከያዘ በኋላ ነው።

የመንገዱ ሒሳብ

ኪሎ ሜትሩን እርሱት፣ የታክሲውን ብዛት ቁጠሩ። ደርሶ መልስ ስድስት ታክሲ የሚይዝ ሰው በወር 22 የሥራ ቀን 132 ጊዜ ይሳፈራል፤ ለሁለት ሰው 264 ጊዜ። አንዱ ጉዞ በአማካይ 20 ብር ቢሆን 5,280 ብር ነው። ከአስፋልት እስከ ግቢው የምትይዙት ባጃጅ ገና አልተቆጠረም። ይህን ድምር ከኪራይ ልዩነቱ ላይ ቀንሱ፤ የሚተርፈው ነው እውነተኛው ቅናሽ። በቀን ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መንገድ ደግሞ በወር 44 ሰዓት ይሆናል፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት ከሚሠራው 39 ሰዓት ይበልጣል።

ሙከራው ሦስት የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ አንዱ ሰኞ ይሁን፣ አንዱ ደግሞ ዝናብ የጣለበት ቀን። ሰዓቱን መቁጠር የምትጀምሩት ታክሲ ውስጥ ስትገቡ ሳይሆን የግቢውን በር ስትዘጉ ነው። የማታውን ከጠዋቱ ለይታችሁ መዝግቡ፤ ማታ ታክሲዎች መስመር ይቆርጣሉ። ከመገናኛ ለገጣፎ ብሎ የጫነው አያት ላይ ያራግፋችኋል፣ ከዚያ ሌላ ሰልፍና ሌላ ሒሳብ ነው።

የራሳችሁ መኪና ካለ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ 90 ኪ.ሜ. ነው። በሊትር 12 ኪ.ሜ. የምትሄድ መኪና በቀን 7.5፣ በወር 165 ሊትር ትጠጣለች፤ በፈጣን መንገዱ ከሄዳችሁ ክፍያው ይጨመራል። ለኤሌክትሪክ መኪና ርቀቱ ከባድ አይደለም። በ100 ኪ.ሜ. 15 ኪሎ ዋት ሰዓት የምትወስድ መኪና ለዚሁ መንገድ 13.5 ትፈልጋለች፤ በተራ ሶኬት 10 አምፔር ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ችግሩ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ መኪና የሚሞላ ተከራይ ከጎረቤት ጋር መጋጨቱ አይቀርም።

ለገጣፎ

ከአምስቱ ለመሀል ከተማ ሠራተኛ በአጠቃላይ የተሻለችው ይህች ናት፤ ምክንያቱም ሁለት መግቢያ አላት። የኮተቤው ሲዘጋ በአያት፣ የአያቱ ሲዘጋ በካራ ይገባል። አያት ላይ ቀላል ባቡሩ አለ፤ በመገናኛ አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ባቡሩ በጠዋት ይጨናነቃል፣ የሚመጣበት ሰዓትም የማያስተማምን ነው፤ ለብቻው ሳይሆን ለሁለተኛ አማራጭነት ያዙት። በሪል ስቴት የተሠሩት ቅጥር ግቢዎች ዋጋ ከከተማው ብዙም አይርቅም። ከዋናው መንገድ ገባ ሲባል የሚረክሰው ቤት ደግሞ ወረቀቱ የሚያጠራጥረው ነው። በየካቲት 2011 እዚሁ ከተማ ውስጥ ሕገ ወጥ ተብለው ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከነሱ መካከል የተለፋባቸው፣ መብራት የገባላቸው ቤቶችም ነበሩ።

ቡራዩ

በርቀት ከሁሉም ትቀርባለች። መርካቶ ሱቅ ላለው ወይም ፒያሳ ለሚሠራ ሰው አንድ ወይም ሁለት ታክሲ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል መንገዱ ላይ መሆኑ ሌሊት ትኩሳት ለሚነሳበት ሕፃን ትልቅ ነገር ነው። የምትታነቀው አስኮና ዊንጌት ላይ ነው፤ የአምቦ መስመር የጭነት መኪና ሁሉ በዚያው ያልፋል። ሰፈሩ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት በመሆኑ በክረምት ጎርፉ ወደየት እንደሚወርድ ማየት ያስፈልጋል። የግቢውን አጥር የታችኛውን ጠርዝ ተመልከቱ፤ የጭቃ መስመር ካለ ውኃው እስከዚያ ደርሷል።

ሰበታ

ሰፋ ያለ ግቢ በመካከለኛ ዋጋ የሚገኝባት ናት። ጦር ኃይሎች ላይ ባቡሩን መያዝ ይቻላል፤ አለርት ሆስፒታልም በዚሁ መስመር ላይ ነው። ወለቴና ዓለም ገና የሰበታን ያህል ሳይርቁ የሚኖሩባቸው ቦታዎች ስለሆኑ መጀመሪያ እነሱን እዩ። ፋብሪካ የበዛበት አካባቢ ስለሆነ ግን ቤቱን በተለያየ ሰዓት ጎብኙ፤ ሽታና ድምፅ በፈረቃ ይመጣል።

ሱሉልታ

አየሩ ንጹሕ፣ ቅዝቃዜው ብርቱ። ከእንጦጦ ጀርባ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የክረምት ማለዳ ጭጋግ ተራራው ላይ መኪናን ያዘገያል። መንገዱ አንድ ነው፤ ከጎጃም የሚመጣውም፣ ከደርባ ሲሚንቶ የጫነውም በዚያው ነው የሚያልፈው። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከተበላሸ የዚያን ቀን ሥራ ቀረ። ሜዳው በክረምት ውኃ ስለሚይዝ ቤት መመልከት ያለባችሁ በሐምሌ እንጂ በጥር አይደለም። አስም ላለበት ልጅ አንመክራትም፤ ሐኪሙ ግን የመጨረሻውን ይበል።

ቢሾፍቱ

ይህች የአዲስ አበባ ጎረቤት ሳትሆን ራሷን የቻለች ከተማ ናት። ሐይቆቹ፣ የራሷ ሆስፒታል፣ ገበያዋ፣ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ ሁሉ አላት፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አያስፈልግም። በየቀኑ ለሚመላለስ ግን ከባድ ናት። ከወላጆቹ አንዱ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ቢሮ የሚገባ ከሆነ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ሁለቱም አምስት ቀን የሚገቡ ከሆነ ተዉአት።

ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። በአገራችን ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሚገኝ አጎበር ከዕቃችሁ ጋር ይግባ። ግቢው የራሱ ጉድጓድ ካለው የፍሎራይድ ምርመራ ወረቀት ጠይቁ፤ በስምጥ ሸለቆና በዳርቻው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ካለፈ የሕፃናት ጥርስ ይበልዛል፤ ማፍላት አያስወግደውም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን ያከረዋል። በኢሬቻ ሰሞን መንገዱ ስለሚዘጋ ቀጠሮ አትያዙ።

ከአቃቂ እስከ ዱከም ባለው ሜዳ ላይ የሚገዛ ሰው ኮተቻውን አይርሳ። ጥቁሩ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሳል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ሰያፍ ሆኖ የሚወጣ ስንጥቅ ካያችሁ፣ በተለይ ትኩስ ቀለም ከተቀባበት፣ አፈሩ ወጥቶ በገረጋንቲ ተተክቶ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተተካ ስንጥቁ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል።

ቤቱን ስታዩ የሚፈተኑ ሁለት ነገሮች

ውኃ ይመጣል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ይመጣል» ነው። በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከታች ቧንቧ ነው ወይስ እስከ ሮቶው ይወጣል በሉ፤ ጎረቤትንም ለብቻ ጠይቁ። ሕፃን ላለበት የአራት ሰው ቤት በቀን በነፍስ ወከፍ 60 ሊትር ብትይዙ 240 ሊትር ነው። ፈረቃው በሳምንት አንድ ጊዜ ከሆነ 1,680 ሊትር ስለሚያስፈልግ የ2,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል፤ የ1,000ው በአምስተኛው ቀን ባዶ ነው። ሙሉ ሲሆን ሁለት ቶን ስለሚመዝን በኮንክሪት መደብ ላይ እንጂ በተበየደ ቀጭን ብረት ላይ አይቀመጥም።

ለመብራቱ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ምጣዱን አስለኩሱ፣ ቮልቱንም በመለኪያ እዩ። 220 መሆን ሲገባው 180 ከሆነ የምጣዱ ኃይል አንድ ሦስተኛው ጠፍቷል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ማቀዝቀዣውም ሊቃጠል ይችላል። ከትራንስፎርመር የራቁ አዳዲስ ሰፈሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና ያልተከፈለ ዕዳ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

ወረቀት፦ ለሚገዛ እና ለሚከራይ

በዳር ከተሞች ርካሽ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ ካርታ የሌለው ቤት ነው። «ከገበሬ የተገዛ»፣ «ካርታው በሂደት ላይ ያለ»፣ «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው» የሚሉትን ስትሰሙ ዋጋ መከራከሩን አቁሙ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬው ሊሸጥላችሁ አይችልም፤ የመንደር ውል ደግሞ ቤቱ ሲፈርስ ካሣ አያስገኝም። ካርታ ያለውንም ቢሆን ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ፤ እግድና የባንክ ዕዳም ጠይቁ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎና ሱሉልታ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ስለገቡ በቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ስም የተሰጠ ካርታ ፋይሉ አሁን የት እንዳለ ማወቅ የሻጩ ሥራ ነው። የይዞታ ካርታውና ውሉ በአፋን ኦሮሞ ስለሚሆን ቋንቋውን የማያነብ ገዢ የራሱን አስተርጓሚ ይዞ ይሂድ፤ የደላላውን አይደለም። ከዋጋው ላይ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም አስቡ።

ለተከራይ አዲስ አበባ ውስጥ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጥሩ ከለላ ሰጥቷል፦ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። በክልል ከተሞች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ነው። ስለዚህ ዳር ላይ ስትከራዩ የምትተማመኑት በጽሑፍ ባለው ውል ነው፤ ጭማሪው ስንት፣ መቼ፣ የማስወጫ ማስጠንቀቂያው ስንት ወር እንደሆነ አስጽፉ። የስድስት ወር በቅድሚያ ካልተከፈለኝ የሚል አከራይ ብዙ አለ።

ትምህርት ቤትና መሸኛ

በኦሮሚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ፣ ግን በየሰፈሩ አይደሉም። ልጁ አፀደ ሕፃናት ካልገባ አሁን መሸጋገሩ ይቀላል፤ ሁለት ቋንቋ በዚያ ዕድሜ ሸክም አይደለም። 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ ካለ ግን ፈተናው በየክልሉና በየከተማ አስተዳደሩ ስለሚወጣ እስኪጨርስ ጠብቁ። ምዝገባ በክረምት ስለሆነ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ቦታ ያዙ።

መሸኛ አውጥታችሁ የአዲስ አበባ ነዋሪነትን ስትለቁ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አሉ፤ ከሸማቾች የሚገኘው ዘይትና ስኳር፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባልነት፣ ከሁሉም በላይ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ። በ20/80 ወይም በ40/60 ተመዝግባችሁ እየቆጠባችሁ ከሆነ መሸኛውን ከመጠየቃችሁ በፊት ከቤቶች ጽሕፈት ቤቱ አረጋግጡ። የሕፃኑን የክትባት ካርድ ግን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር በካርቶን እንዳታሽጉት፤ የ9 እና የ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ከግቢ ለውጥ ጋር ሲጋጭ ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ የአዲሱ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርዱ የት አለ?» ነው።