ለእትዬ ምስጋና፣ ለእናት ተማሪዎች ጥቆማ

ድሬ ዳዋ ውስጥ እየተማራችሁ ያረገዛችሁ ወይም የወለዳችሁ እህቶቼ፣ ምንም ነገር ከመወሰናችሁ በፊት የግቢያችሁን የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አንኳኩ። እኔ እዚያ ያገኘኋቸውን ሴት ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይፈልጉም። እኛ ተማሪዎቹ እትዬ ነው የምንላቸው።

ሦስተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነበርኩ። የመውለጃ ጊዜዬ ከፋይናል ፈተና ጋር ገጠመ። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሙዪና ልጅሽን አሳድጊ» ይለኛል። አንድ መምህርማ ልጅና ትምህርት አብረው አይሄዱም ብሎ በተማሪ ፊት ተናገረኝ።

እትዬ ግን የጠየቁኝ ሌላ ነው። «ሚድ ተፈትነሻል? አሳይመንት አስገብተሻል? አቴንዳንስሽስ?» አሉኝ። ሁሉም ተሟልቷል ስላቸው ረጋ ብለው አስረዱኝ። ብዙው ኮርስ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። በሁለተኛው ሴሚስተር ያቋረጠች ልጅ ያንኑ ሴሚስተር ለማግኘት ከኋላዋ የገባውን ባች (የተማሪ ምድብ) መጠበቅ አለባት። ዓመቷ ሄደ ማለት ነው። የቀራት ፋይናል ብቻ ከሆነ ግን የሐኪም ማስረጃ ይዛ ሜክአፕ፣ ማለትም ያመለጣትን ፈተና በሌላ ጊዜ መፈተን፣ መጠየቅ ትችላለች። «ሕመም ከጠናብሽ ዊዝድሮዋሉን ሙዪ፣ ነውር የለውም። ክፉው ሳይሞሉ መጥፋት ነው» አሉኝ። ፎርም ሳይሞሉ ወደ ቤተሰብ የሄዱ ልጆች ለመመለስ ሲሞክሩ ሬጅስትራር በር ላይ ፍዳቸውን ሲያዩ እኔም አይቻለሁ።

ማመልከቻዬን ሁለት ኮፒ አስጻፉኝ። አንዱ ገቢ ተደርጎበት፣ ማህተም አርፎበት እኔ ዘንድ ቀረ። ይህቺን ነገር እባካችሁ አትርሱ። በቃል «እሺ፣ እናያለን» የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ዶርሙም ነበረ። አልጋዬ ተደራራቢው ላይ፣ ከላይ ነው። ሆዴ ገፍቶ በዚያች ቀጭን የብረት መወጣጫ ሌሊት ለሽንት እየወረድኩ እወጣ ነበር። እትዬ ራሳቸው መጡ። ብረቱን ያዝ አድርገው ወዘወዙት፣ ተንቀጠቀጠ። ወደ ዶርም ተቆጣጣሪዋ (ፕሮክተሯ) ዞረው «ነፍሰ ጡር በዚህ ትውጣ እንዴ?» አሉ። በዚያው ቀን ምድር ቤት፣ የታችኛው አልጋ ተሰጠኝ። የካፌው ሽታ ስለሚያስመልሰኝ ኖን ካፌ እንድሆንም፣ ማለትም በካፌው ምግብ ፈንታ ገንዘቡ እንዲሰጠኝ፣ አስጨረሱልኝ። ሚድ ስፈተን መቀመጫዬ በር አጠገብ፣ ውሃዬም አጠገቤ ነበር። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

ክረምቱን አራስ ቤት አሳለፍኩ። እናቴ ከሐረር መጥታ አረሰችኝ። ሜክአፑንም ተፈተንኩ፣ ከባቾቼ ጋር አራተኛ ዓመት ገባሁ። ልጄን ማን ይይዝልኛል ስል ደግሞ ሰቢያን በሚባለው የድሬ ሰፈር ቤታቸው ሕጻናት የሚጠብቁ አንዲት እናት ጋ ያገናኙኝ እትዬ ናቸው። ልጄ ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት ሌላ ምንም እንዳልሰጣት ጤና ጣቢያ ተነግሮኝ ነበር። የታለበ ወተት ደግሞ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ ቢበዛ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል ይባላል። ድሬ ላይ ያ ሙቀት የት ይገኛል? እኚህ እናት ፍሪጅ አላቸው፣ እጃቸው ንጹሕ ነው፣ ወተቱን በኩባያ እንጂ በጡጦ አይሰጡም። እኔም በክፍለ ጊዜ መሃል በባጃጅ ሄጄ አጥብቼ እመለሳለሁ። ለእሳቸውም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት፣ ያውም ከነደመወዟ። በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው የሕጻናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝ ነበር። ተማሪዋ ግን ሠራተኛ ስላልሆነች እንዲህ ያለው የሠራተኛ ሕግ አይመለከታትም። መምህርቷም ተማሪዋም የሚያጠቡት ያው ጡት ነው። ስለዚህ የእኛ ነገር እንደ እትዬ ባለ ሰው ደግነት ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ መለወጥ አለበት።

እስከዚያው ግን ሂዱ። ሆዳችሁ እስኪገፋ አትጠብቁ፣ የእርግዝና ክትትል ካርዳችሁን፣ የግሬድ ሪፖርታችሁንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ክትትሉም ወሊዱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ ለካርዱ ክፍያ ብላችሁ አትጨነቁ። የሰቢያኗን እናት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አስፈቅጄያቸዋለሁ፣ አሁን ለሁለት ሕጻን ቦታ አላቸው።

እትዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለምረቃዬ ከእናቴ ጎን የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት።