በሰመር ሙቀት አኩፓንክቸር፦ የግል ክፍል፣ የጋራ አዳራሽ ወይስ የቤት ምንጣፍ?

የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሰመር የሚከብደው በሙቀቱ መጠን ብቻ ሳይሆን በእርጥበቱ ጭምር ነው። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላብ ከቆዳ ላይ ቶሎ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ደግሞ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣበት ዋነኛ መንገድ ይዳከማል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ራስ ይከብዳል፣ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። በዚህ ወቅት ሰውነትን የሚያቀዘቅዝና ሚዛኑን የሚጠብቅ የመርፌ ሕክምና አለን የሚሉ የአኩፓንክቸር ክሊኒኮች ስላሉ፣ ሊሞክረው ለሚያስብ ሰው ምርጫዎቹን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅመዋል።

አስቀድሞ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ሰመር የእሳትና የልብ ወቅት ነው፤ የወቅቱ ትኩሳት ከውጭ ገብቶ ጥማትን፣ መቁነጥነጥንና ድካምን ያመጣል ተብሎም ይታመናል። ባለሙያው ይህን ትኩሳት ለማውጣት በአንገት ግርጌ ባለው ዳዥዊ በተባለ ነጥብ፣ በክርን እጥፋት ጫፍ ባለው ቹቺ፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ባለው ኸጉ ላይ ቀጫጭን መርፌዎችን ይተክልና ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆያቸዋል። እናቶቻችን «ምች መታው» ብለው ዳማ ከሴ የሚጨምቁበት እምነት ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ ገለጻው ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ በቀላሉ እንዳንቀበለው መጠንቀቅ ያለብንም ለዚሁ ነው።

መርፌው የሰውነትን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል ብሎ ገንዘብ እንዲያወጣ ማንንም አልመክርም። ለጉዳዩ ቅርብ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ባረጡ ሴቶች ላይ ድንገት የሚመጣውን የሙቀት ስሜት የሚመለከት ነው። በአውስትራሊያ 327 ሴቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት፣ እውነተኛ መርፌ የተተከለላቸውን ቆዳ የማይበሳ ደነዝ መርፌ ከተደረገላቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በሁለቱም ወገን ስሜቱ 40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በመካከላቸውም ልዩነት አልታየም። ሴቶቹ ያገኙትን እፎይታ ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም፤ ነገር ግን እፎይታውን ያመጣው ፀጥ ባለ ክፍል ጋደም ማለት፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ ባለሙያ ማግኘትና ተስፋ ማድረግ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አገልግሎቱን ለዕረፍት፣ ለእንቅልፍና ለመንፈስ መረጋጋት ብሎ የሚገዛ ሰው ላይቆጨው ይችላል፤ ማቀዝቀዣ ገዛሁ ብሎ የሚሄድ ግን ያዝናል።

በግል ክፍል የሚሰጠው ሕክምና ውዱ ነው፤ የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ባለሙያው የጤና ታሪክን በዝርዝር ይጠይቃል፣ ምላስ ያያል፣ የልብ ትርታን በጣቶቹ ያዳምጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሐኪማቸውን ካማከሩ በኋላ ከዚህ ሌላ ባይመርጡ ይሻላል። ኢንሹራንስን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አይደረግ፦ በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ ከጥር 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አኩፓንክቸርን የሚከፍለው ሥር ለሰደደ የታችኛው ጀርባ ሕመም ብቻ ነው።

ጤነኛ ለሆነና በሰመሩ ደጋግሞ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የጋራ አዳራሹን አስቀድማለሁ። በፖርትላንድ ኦሪገን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የተጀመረ አንድ ክሊኒክ ያስፋፋው ይህ አሠራር፣ ብዙ ሰዎች በአንድ አዳራሽ በተዘረጉ ተደጋፊ ወንበሮች ላይ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ጋደም ብለው የሚታከሙበት ነው፤ እጅጌንና ሱሪን መሰብሰብ ይበቃል። ክፍያው እንደ አቅም ስለሆነ ለአንድ የግል ቀጠሮ በሚወጣው ገንዘብ ሁለት ሦስት ጊዜ መሄድ ይቻላል። መርፌው በሁለቱም ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ ከጀርም የጸዳና የታሸገ መሆን አለበት፤ ፊት ለፊታችሁ ሲከፈት ካላያችሁ ጠይቁ። የባለሙያውም ፈቃድ ከግዛቱ የፈቃድ ሰጪ ቦርድ ይጣራ። ጉድለቱ ገመና አለመጠበቁ ነው፤ ደግሞም ታካሚው በጀርባው ስለሚጋደም፣ ለትኩሳት ዋና ከሚባሉት አንዱ የሆነው የአንገት ግርጌ ነጥብ ብዙ ጊዜ አይደረስበትም።

ሦስተኛው ምርጫ፣ ቤት ውስጥ የሚተኙበትና ከ20 እስከ 50 ዶላር የሚሸጠው ባለ እሾህ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ርካሽ ነው፤ ቆዳም አይበሳም። ሆኖም ሲተኙበት ደም ወደ ጀርባ ቆዳ ስለሚስብ ጀርባን ያሞቃል፤ ለክረምት ብርድ የሚስማማ ይህ ስሜት ለሐምሌ ሌሊት አይመችም። ለዚህ ወቅት አልገዛውም።

የጾመ ፍልሰታ ጊዜ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ከሰመሩ ትልቅ ሙቀት ጋር ስለሚገጥም ልብ ሊባል ይገባዋል። ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ መርፌ ማስተከል ራስን ሊያስት ይችላል፤ ጿሚ ቀጠሮውን ከተመገበ በኋላ ወዳለው ሰዓት ያድርግ፣ መጾሙንም ለባለሙያው ይንገር።

ከአገር ቤት የመጡ አረጋዊ ወላጆች ያሉት ሰው ግን ከሦስቱም በፊት የመኝታ ክፍሉን ማቀዝቀዣ ያስተካክል። «ብርድ ይመታኛል» ብለው ኤሲ የሚያስጠፉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ነፋሱ በቀጥታ እንዳያገኛቸው አልጋውን ማዞር ወይም ነጠላ ማልበስ ያግባባቸዋል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ቬንትሌተር ብቻውን አያስተማምንም። የሰውነት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ 911 ይደወል፤ እርዳታው እስኪደርስም ልብሱን አቅልሎ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ ማርጠብና ማራገብ ያስፈልጋል።