የሮያል ባሌት «ስዋን ሌክ» በዲስክ፦ ብዙዎች የሚመኙት ሚና

በለንደኑ የባሌት ዳንስ ቡድን በሮያል ባሌት፣ የዳንስ አቀናባሪው ሊያም ስካርሌት በ2018 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ያዘጋጀው «ስዋን ሌክ» («የስዋን ወፎች ሐይቅ») በቪዲዮ ዲስክ ይሸጣል፤ እኔም ገዝቼ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንዲት ዳንሰኛ በአንድ ምሽት በአስማት ስዋን ወፍ የሆነችውን የዋኋን ኦዴትንም እሷን መስላ የምትመጣውን አታላይዋን ኦዲልንም ሆና መቅረብ ስላለባት፣ በባሌት ዓለም የዚህን ያህል ፉክክር ያለበት የሴት መሪ ሚና ጥቂት ነው። ፉክክሩም የቆየ ነው፤ በ1877 ሥራው በሞስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሚናው ታስቦላት የነበረችው አና ሶቤሽቻንስካያ ቀርታ ፔላጌያ ካርፓኮቫ ተጫወተችው። በ1895 ደግሞ ፒዬሪና ሌኛኒ በሴንት ፒተርስበርግ በአንድ እግሯ ጫፍ 32 ጊዜ ከተሽከረከረች ወዲህ፣ ያ ሽክርክሪት ሚናውን ለሚመኙ ሁሉ መፈተኛ ሆኖ ቀርቷል።

በዲስኩ ላይ ሚናውን የያዘችው የቦነስ አይረስ ተወላጇ ማሪያኔላ ኑኔዝ ናት። በሐይቁ ትዕይንት ካሜራው ሲቀርባት፣ እንቅስቃሴው ከጀርባዋ ተነሥቶ በትከሻዋ አልፎ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ሲፈስ ክንዷ በእርግጥ ክንፍ ይመስላል፤ በሦስተኛው ገቢር ኦዲልን ሆና ጥቁር ለብሳ ስትመለስ ግን አንገቷና ዓይኖቿ ሳይቀሩ የሌላ ሴት ሆነው ይታያሉ። ይህን ለውጥ ከቲያትሩ የኋላ ወንበር ሆኖ በዚህ ጥራት ማየት አይቻልም። የጆን ማክፋርሌን አልባሳትና መድረክም ያማሩ ናቸው።

ቅር ያሰኘኝ አንድ ነገር አለ። በቲያትሩ ይህን ሚና በየምሽቱ የተለያዩ ዋና ዳንሰኞች ስለሚፈራረቁበት ተመልካች አንዷን ከሌላዋ ማመዛዘን ይችላል፤ ዲስኩ ግን የአንዷን ብቻ ይዟል። የሌሎቹ ሦስተኛ ገቢር በተጨማሪነት ቢካተትበት ኖሮ ዋጋው ባልከበደኝ ነበር።