"ታይትሉ ክሊን ነው" ተብሎ ስለተሸጠልኝ ሪፕሊካ ፖርሽ፦ ተጠንቀቁ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ በተለይ የድሮ ስፖርት መኪና የምትወዱ ወገኖች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ዛሬ ከሰዓት ከሻጮቹ ቢሮ ወጥቼ ነው የምጽፈው። ንዴቴ ገና አልበረደም። ሲበርድ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችን "ለእግዚአብሔር ሰጥቻቸዋለሁ" ብዬ እንዳልተወው ስለፈራሁ አሁኑኑ ልጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። መኪናዋ ኮፒ መሆኗን አውቄ ነው የገዛኋት። "ርካሽ ፖርሽ አገኘሁ ብሎ ተበላ" የሚል ካለ ተሳስቷል። ስፒድስተር የሚባለው ክፍት የፖርሽ ሞዴል የ1957 መልክ አላት፣ አካሏ ፋይበርግላስ ነው፣ ከሥሯ ያለው ግን ቮልስ ነው። ዋናው ስፒድስተር ከ1954 እስከ 1958 ተሠርቶ የቆመ ነው፤ ዛሬ አንዱ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣል፤ ከኛ አቅም ውጭ ነው። ሪፕሊካዎቹ የሚሠሩት ለዚህ ነው። የቮልስን ሻንሲ ወደ 30 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጠው ያሳጥሩታል፣ የፋይበርግላስ አካል ይጭኑበታል፣ ሞተሩ ከኋላ እንዳለ ይቀራል። ፖርሽም ቢሆን ሲጀመር የመጀመሪያ መኪናዎቹን የሠራው ከቮልስ ዕቃ ነው፤ ዝምድናቸው የደም ነው። በስሟ እስከተሸጠች ድረስ በሪፕሊካ ነውር የለም።

እኔ ደግሞ ቮልስ አውቃለሁ። አባቴ አዲስ አበባ ዕድሜውን ሙሉ የነዳት ቮልስ ነበረች። ማታ ማታ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ቫልቭ ሲያስተካክል ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። ይህችን መኪና ሳያት፣ ድምጿን ስሰማ፣ ልቤ የሄደው ወደዚያ ነው። ስለ መኪናዋ ማንም አልዋሸኝም። የተዋሸሁት ስለ ወረቀቷ ነው፤ ታይትሏ (የባለቤትነት ወረቀቷ) ክሊን፣ ማለትም እንከን የሌለው ነው ተብዬ ነበር። ሪፕሊካ ደግሞ ወረቀት ከሌለው ጋራዥ ውስጥ የቆመ ፋይበርግላስ ነው።

እንዲህ ያሉ ሻጮችን ታውቋቸዋላችሁ። ሀበሻ ደንበኛ ስለበዛላቸው "ሰላም፣ እንዴት ነህ ወንድሜ" ማለት ተምረዋል። የሚወዱትን የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ይነግሩሃል፣ ቡናችንን ያመሰግናሉ። ቁልፉን ሰጥተው መሪው ላይ ያስቀምጡሃል። ከዚያ "ከፔንሲልቫኒያ የሚመጣ ሰው ነገ ያያታል" ይላሉ። መኪናዋ የራሳቸው አይደለችም፤ ባለቤቷ ኮንሳይንመንት ላይ፣ ማለትም በኮሚሽን እንዲሸጡለት እነሱ ዘንድ ያስቀመጣት ናት። ይህ ቃል በኋላ ምን እንደሚያደርግላቸው ያኔ ማን ያስባል? ስትገዛ "እኛ ነን፣ እኛ እናውቃታለን" ይሉሃል፤ ችግር ሲመጣ "እኛ ደላላ ነን" ይሉሃል።

ታይትሉን በፕላስቲክ ውስጥ አድርገው አሳዩኝ። የሌላ ስቴት ታይትል ነው፤ "1957፣ ፖርሽ" ይላል። ጠየቅኩ። "ሪፕሊካ ከሆነች ለምን ፖርሽ ይላል?" አልኩት ሴልስማኑን። ሳያመነታ መለሰልኝ፦ "እዚያ ስቴት የሚመዘግቡት በአካሏ ነው። ክሊን ታይትል ነው፤ ዲኤምቪ ወስደህ በአንድ ቀን ታርጋ ታወጣለህ። ለአንተ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ስትሸጣት ዋጋ ይጨምርልሃል።" ቃል በቃል ይህን አለኝ። የእቁብ ገንዘቤ ወጥቶ ነበር፤ ከቁጠባዬ ጨምሬ በካሸርስ ቼክ ከፈልኩ።

ዲኤምቪ (መኪና የሚመዘግበው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) ላይ የሆነውን አላረዝመውም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ቁጥሩን አይታ ለመርማሪ አስተላለፈችኝ። ሰውየው ሥራውን የሚያውቅ፣ ትሁት ሰው ነበር። በር አጠገብ በሪቬት የተመታችውን ትንሽ የቁጥር ሳህን አየት አደረገና አለፋት። ከዚያ ከኋላ ያለውን ምንጣፍ አነሳ፣ በሻንሲው መሃል የሚያልፈውን የብረት ጀርባ በጨርቅ ጠረገው። ቁጥር ወጣ። በ119 ይጀምራል። ቮልስ የሚያውቅ ሰው ይህን ያነባል፦ የመጀመሪያው 11 ተራዋ ቮልስ ናት ማለት ነው፣ 9ኙ ደግሞ የ1969 ሞዴል። ታይትሉ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ጋር አይገናኝም። "ይህ ታይትል የዚህች መኪና አይደለም" አለኝ። "የቮልስዋገኗን ታይትልና የአካሉን ደረሰኝ ከሻጮችህ አምጣ፣ ያኔ መንገድ ይኖረዋል።"

የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፤ መንገድ አለው! የቨርጂኒያ ሕግ ሪፕሊካ የሚባል መኪና መኖሩን በስሙ ጠርቶ ያውቃል። ዋና ዋና ክፍሏ ተቀይሮ እንደገና የተሠራች መኪናም የመጀመሪያ ቁጥሯን፣ ሥሪቷንና ሞዴል ዓመቷን ይዛ መቀጠል እንድትችል ሕጉ ላይ ተጽፏል። ካሊፎርኒያ እንኳ፣ ያ ጭስ እንደዚያ የሚቆጣጠረው ስቴት፣ በየዓመቱ እስከ 500 በእጅ የተገጣጠሙ መኪናዎችን በልዩ ሕግ ይመዘግባል። የፌዴራሉ መንግሥትም በ2015 ሕግ አውጥቶ፣ በ2021 ደንቡን አጽድቆ፣ ትናንሽ አምራቾች በዓመት እስከ 325 ሪፕሊካ እንዲሸጡ ፈቅዷል። ማለትም ይህ የተደበቀ ንግድ አይደለም። "1969 ቮልስዋገን" የሚል ሐቀኛ ወረቀት ቢሰጡኝ ኖሮ ዛሬ ታርጋዬን ይዤ ነበር። አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ ላይ፣ መኪናዋ በውድ እንድትሸጥ ብሎ እውነተኛ ወረቀቷን ደብቆ የሐሰት ስም አወጣላት።

እኔም የዋህ ሆኜ "ሻጮቹም ተታልለው ይሆናል" ብዬ አሰብኩ። ዛሬ የዲኤምቪውን ወረቀት ይዤ የሄድኩት "አብረን እናስተካክለው" ልላቸው ነበር።

ሴልስማኑ ሲያየኝ "ሰላም" አላለም። ወረቀቱንና በስልኬ ያነሳሁትን የቁጥሩን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። ፎቶውን አየና የመጀመሪያ ቃሉ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። "ምንጣፉን ማን አስነሣው?" አለኝ።

"ይህ የምን ቁጥር ነው?" አላለም። "ተሳስተው ይሆናል" አላለም። ምንጣፉ ሥር ያለውን ያውቅ ነበር።

ተነስቶ ከመሳቢያ ፋይል አወጣ። ውሌን ሊያሳየኝ ነው። ከላይ የኔ ውል ነበረ፤ እሱን ሲያነሳ ከሥሩ የቆየ ወረቀት ፎቶኮፒ ታየኝ። ለኔ ተገልብጦ ነው የሚታየው፣ ግን ፊደሉ ትልልቅ ነው። ቮልስዋገን። 1969። ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አሃዞች ግን አየሁ፤ 119። ሳየው አየኝ። ፋይሉን ዘግቶ ክንዱን ጫነበት።

"ያ ምንድነው?" አልኩት።

"የቱ?"

"አሁን የዘጋኸው።"

"የባለቤቷ የግል ሰነድ ነው፤ ላሳይህ አልችልም።"

"እሱ እኮ ነው የጎደለኝ ወረቀት! እሱን ስጡኝና እንገላገል!" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ አልክድም። ሾውሩም ውስጥ መኪና ሲያዩ የነበሩ ባልና ሚስት ዞር ብለው አዩን። ያኔ ማናጀሩ መጣ። አልተቀመጠም፣ ስሜን አልጠየቀም። ውሉን አንስቶ በእስክሪብቶው ጫፍ አንዲት መስመር ላይ ነካ ነካ አደረገ፤ መኪናዋ ባለችበት ሁኔታ እንደተሸጠችና ምዝገባው የገዢው ኃላፊነት እንደሆነ የምትለዋ መስመር ናት። "በዚህ ዋጋ ምን ጠብቀህ ነበር?" አለኝ።

"ፖርሽ አልጠበቅኩም። የገዛኋት መኪና ወረቀት ነው የጠበቅኩት" አልኩት።

ለኔ አልመለሰልኝም። ወደ ሴልስማኑ ዞሮ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ "ለነዚህ ሰዎች ውሉን ጮክ ብለህ አንብብላቸው ብዬህ አልነበረም?" አለው።

ለነዚህ ሰዎች። ገንዘባችንን ሲቀበሉ "ወንድሜ" ነበርን። በዚህ አገር ስንት ዓመት ሠርቼ፣ ግብር ከፍዬ፣ ልጆች አሳድጌ፣ የምፈርመውን ወረቀት ማንበብ የማይችል ሰው ተደርጌ ተቆጠርኩ። ያነበብኩትን ወረቀት እኮ ነው የምጠይቃቸው! የዋሹት ያልተጻፈውን ነው።

ከዚያ "መፍትሔ" አመጣልኝ። ወይ ከከፈልኩት በግማሽ መልሰው ሊወስዷት፣ ወይ ደግሞ፣ በደንብ ስሙ፣ በስሜ ሳላዞራት ለሌላ ሰው እንድሸጣት። ታይትሉ ላይ የገዢው ቦታ ባዶ እንደሆነ ነው የሰጡኝ። "የአንተ ስም የትም የለም። የማያጣራ ስቴት ውስጥ ላለ ሰው ስጠው፣ አለቀ" አለኝ። ያንን ባደርግ በሕግ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ታይትል በስም ሳያዞሩ መሸጥ ወንጀል ነው። ከሕጉም በላይ፣ እኔን ያቃጠለኝን እሳት ለሌላ ሰው ልጅ እጅ ላይ ላስቀምጥ? በግማሽ ቢወስዷት ደግሞ በማግስቱ ተወልውላ እዚያው መድረክ ላይ ትቆማለች፤ ለሚቀጥለው ሰው "ክሊን ታይትል" ይባልላታል። እኔስ ስንተኛው ነኝ? ከኔ በፊት በግማሽ መልሶ የወጣ ሰው አለመኖሩን ማን ያውቃል?

ሁለቱንም እምቢ ብዬ ወጣሁ። የፋይሉን ኮፒ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ ለስቴቱ የመኪና ነጋዴዎች ቦርድ አቤቱታ እያዘጋጀሁ ነው። ፍርድ ቤት ማጭበርበር መኖሩን ከወሰነ ቦርዱ ጋ ለተጎዱ ገዢዎች የሚከፈልበት ፈንድ አለ፤ ጠበቃ የምይዘው ለዚህ ነው። የሻጮቹን ስም እዚህ ያልጻፍኩት አቤቱታው እንዳይበላሽብኝ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች፤ ጊዜያዊ ታርጋዋ እያለቀ ነው። ኢንሹራንሴም ችግር ውስጥ ነው፤ "1957 ፖርሽ" ብዬ አስገብቻት አደጋ ቢደርስ፣ ያልሆነችውን ነች ብለሃል ብለው ካሳውን ሊከለክሉኝ ይችላሉ።

ሪፕሊካ ለምትገዙ ያለኝ ይህ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ምንጣፉን አንሱ፣ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ፎቶ አንሱና ታይትሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት፤ በሪቬት የተመታ ሳህን አትመኑ። ከሥር ያለችውን መኪና ታይትልና የአካሉን ደረሰኝ በእጃችሁ ሳትይዙ ገንዘብ አትስጡ። የመኪና ታሪክ ሪፖርት አውጥቻለሁ ቢሏችሁም አትዘናጉ፤ ባለ 17 ፊደልና አሃዝ ቁጥር የመጣው ከ1981 ጀምሮ ስለሆነ የእነዚህን መኪናዎች አጭር ቁጥር አብዛኛው ሪፖርት አያነበውም። እናንተም ሪፕሊካ ኖሯችሁ የምትሸጡ ከሆነ በወረቀቱ ላይ ያለችውን ስሟን ጻፉላት፤ ገዢው አያጣችሁም።

አንድ ልመና አለኝ። ብርማ ቀለም፣ ውስጧ ቀይ ቆዳ የሆነች ስፒድስተር ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ኮንሳይንመንት ላይ አይታችሁ ዋጋ የጠየቃችሁ፣ ወይም ገዝታችሁ የመለሳችሁ ካላችሁ፣ ከሻጮቹ ጋር የተጻጻፋችሁትን ቴክስትና የላኩላችሁን ፎቶ እባካችሁ አትሰርዙ። ለአቤቱታው ያስፈልገኛል።