ማዳመጫው ደህና ነው፤ የማይታመነው ማስታወቂያው ነው

ይህንን ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ከገዛሁ መንፈቅ አልፎታል። በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ከጆሮ አይወድቅም፣ ከስልኬ ጋር ወዲያው ይገናኛል፣ የመሙያ ሣጥኑ ክዳንም እስካሁን አልላላም። ያስመረረኝ ዕቃው ሳይሆን ዕቃውን ለመሸጥ የተሠራው ቲያትር ነው።

በማስታወቂያው ላይ ከምርቱ ፎቶ በላይ ገዝፎ የሚታየው "40 ሰዓት" የሚለው ቁጥር ነው። ከሥሩ፣ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል፣ "ከሣጥኑ ጋር" ይላል። ማዳመጫው ራሱ በአንድ ሙሌት የሚሠራው 8 ሰዓት ነው፤ ቀሪው 32 ሰዓት የሚገኘው ከጆሮ እያወጡ ሣጥኑ ውስጥ ደጋግመው ሲሞሉት ነው። 8ቱም ሰዓት ቢሆን የተለካው ድምፁ ግማሽ ላይ ሆኖ፣ የውጭ ድምፅ መቀነሻው ጠፍቶ ነው። መቀነሻውን ከፍቼ፣ ድምፁንም ትንሽ ከፍ አድርጌ ስሰማ ወደ 5 ሰዓት ይወርዳል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ 5 ሰዓት እኮ መልካም ውጤት ነው! በግልጽ ቢጻፍ ኖሮ ያለ ቅሬታ እገዛው ነበር።

የማስታወቂያው ቪዲዮ ደግሞ ይብሳል። አንድ ወጣት በጫጫታ መካከል ቆሞ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሲከት ዓለም በአንዴ ጭጭ ትላለች። ተመልካቹ ግን ቪዲዮውን የሚሰማው በራሱ ስልክ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ጸጥታውን የፈጠረው ማዳመጫው ሳይሆን የቪዲዮው አቀናባሪ ነው። የድምፅ መቀነሻው ቴክኖሎጂ በተግባር የሚሠራው ማይክሮፎኖቹ የውጭውን ድምፅ ተቀብለው ተቃራኒ ሞገድ በማመንጨት ነው። ስለዚህ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ ላይ፣ ለምሳሌ በአውሮፕላን ሞተር ወይም በአየር ማቀዝቀዣ ላይ፣ በእርግጥም ያስደስታል። የሰው ንግግር፣ የሕፃን ለቅሶና የመኪና ጡሩምባ ግን ይቀንሳሉ እንጂ አይጠፉም። እነዚህን ይበልጥ የሚያግደው ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ነው። ከሣጥኑ ውስጥ ካሉት ሦስት መጠኖች ወደ ትልቁ ስቀይር ያገኘሁት ለውጥ ከየትኛውም የመተግበሪያ ማስተካከያ ይበልጣል። ስለ ጎማው በማስታወቂያው ላይ አንድም ቃል የለም።

"ኤኤንሲ" እና "ኢኤንሲ" የሚሉትን ምልክቶች ጎን ለጎን ደርድሮ ድርብ ጸጥታ የሚያስመስለውንም ልብ በሉ። የመጀመሪያው ለሚያዳምጠው ሰው የውጭ ድምፅ ይቀንሳል። ሁለተኛው ስልክ ስታወሩ በወዲያኛው ጫፍ ላለው ሰው ድምፃችሁን ያጠራል እንጂ ለእናንተ ጆሮ የሚፈይደው የለም። አንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ያለው ሁለተኛው ብቻ ነው።

ስለ ተሰረዘው "የቀድሞ ዋጋ" እና ዜሮ ደርሶ እንደገና ከላይ ስለሚጀምረው የቅናሽ ሰዓት ብዙ አልልም። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ቅናሽ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ እንደ ቀድሞ ዋጋ ማሳየት ያለበት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ያስከፈለውን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ይህ ዕቃ ግን ገጹን በከፈትኩ ቁጥር "በግማሽ ዋጋ" ነው፤ በሙሉ ዋጋው ሲሸጥ አይቼ አላውቅም።

ሣጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ካርድም ነበረች፤ አምስት ኮከብ ሰጥቼ ፎቶውን ብልክ ስጦታ እንደሚደርሰኝ ትገልጻለች። አሜሪካ እንዲህ ያለውን በአዎንታዊ አስተያየት ላይ የተመሠረተ ጉርሻ የሚከለክል ደንብ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች። ካርዷን ካየሁ ወዲህ በምርቱ ገጽ ላይ የማነበው ባለሦስት ኮከብ አስተያየቶችን ብቻ ነው፤ የባትሪውን ትክክለኛ ዕድሜ የሚጽፉት እነሱ ናቸው።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ዕቃው ለጉዞና ለቢሮ ሥራ ይበቃል፤ ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። መተግበሪያውን የጫናችሁ ዕለት ግን ማሳወቂያውን ከስልካችሁ ቅንብር ውስጥ አጥፉት፤ አለበለዚያ አዲሱን ሞዴል ግዙ እያለ ይነዘንዛችኋል።